የሐይቆቹ ሸለቆና የወይን ተክል
ከሞጆ እስከ ላንጋኖ ለሚገኙ አምራቾች የተዘጋጀ

ባለፈው የጥር ወር ለሥራ ወደ ላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሄድንበት ጊዜ አንድ አርሶ አደር መንገድ ላይ አስቁመው ያቀረቡልን ጥያቄ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት ሆኖናል። እኒህ ሰው ከአርሲ ተራሮች ወርዶ ወደ ሐይቁ በሚገባ ወንዝ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። የወንዙ ውሃ በተራ የሚታደል ሆኖ ስላልበቃቸው ሁለት በሬዎች ሸጠው የውሃ ፓምፕ ገዝተዋል። ፓምፑን ሐይቁ ዳር ሊተክሉ ቦታ ካዘጋጁ በኋላ ነው ያገኙን።

«ዝዋይ ላይ ወይን ተተክሎ ጠርሙሱ በየሆቴሉ ይታያል። የዝዋይ ሰው ሐይቅ አለው፣ እኔም ሐይቅ አለኝ። ታዲያ ሽንኩርቱን ትቼ ግማሽ ሄክታር ወይን ብተክል ምን ትላላችሁ፣ ልጆቼ?» አሉን።

ይህ ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከመቂ እስከ ቡልቡላ ባሉ የመስኖ አምራቾች ዘንድ በተደጋጋሚ ይነሣል። መልሱ ግን አዎን ወይም አይደለም ተብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ በመጀመሪያ የሸለቆውን አቀማመጥ፣ ቀጥሎም የወይንን ጠባይ፣ በመጨረሻም አምራቹ ማድረግ የሚገባውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

የሸለቆው አቀማመጥና ከተሞቹ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆ የደረሰ መንገደኛ በስተግራ ቢቀጥል ወደ ናዝሬት (አዳማ) እና ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። ወደ ደቡብ ቢታጠፍ ደግሞ ቆቃን፣ ዓለም ጤናንና መቂን አልፎ ዝዋይ ከተማ ይደርሳል። ዝዋይ ዛሬ ባቱ ትባላለች። ከዚያ አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ ይከተላሉ። በስተግራ ላንጋኖ፣ በስተቀኝ አብያታና ሻላ ይታያሉ። ከዚያም መንገዱ ወደ አርሲ ነገሌና ወደ ሻሸመኔ ይወጣል። በምሥራቅ የአርሲ፣ በምዕራብ የጉራጌ ደጋዎች ግራና ቀኝ ቆመው ሸለቆውን ያጥሩታል።

ለነዚህ ከተሞች ኑሮ ዋናው ከደጋው የሚወርደው ውሃ ነው። የመቂ ወንዝ ከምዕራብ፣ የካታር ወንዝ ከምሥራቅ መጥተው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የተረፈው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይወርዳል። ከላንጋኖም የሆራ ቀሎ ወንዝ ወጥቶ ወደዚያው ወደ አብያታ ይገባል። ስለሆነም አብያታ የሁለቱን ሐይቆች ትርፍ ጠብቆ የሚኖር ሐይቅ ነው።

የዛሬዎቹ አራት ሐይቆች፣ ማለትም ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ፣ በቀድሞ ዘመን አንድ ሐይቅ ነበሩ። የመሬት አጥኚዎች እንዳረጋገጡት ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት በነበረው ዝናባማ ዘመን ውሃው እጅግ ከፍ ብሎ አራቱንም አያይዞ ነበር። ሞልቶ ሲፈስም በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይወርድ ነበር። ዛሬ በዝዋይና በአዳሚ ቱሉ ዙሪያ የምናርሰው አሸዋማና ቀለል ያለ አፈር የዚያ ሐይቅ ወለል የነበረ ሲሆን፣ ከእሳተ ገሞራ አመድና ውሃ ላይ ከሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ጋር የተቀላቀለ ነው። በዝዋይና በላንጋኖ መካከል የቆመው የአሉቶ ተራራም ራሱ እሳተ ገሞራ ነው። በጎኑ ባልጩት ይለቀማል፣ ከሆዱም እንፋሎት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 የአገራችን የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጫ የተተከለው በዚህ ቦታ ነው።

ሐይቆቹ ጎረቤታሞች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር የማይበልጥ፣ ውሃውም ጨው የሌለበት ነው። በደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ እርከን እየሠራ ሲያርስና ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል። ሻላ ደግሞ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር ያልፋል፣ ውሃውም ጨዋማ ነው። ላንጋኖ በመካከላቸው ነው። ቡናማ መልክ የሰጠው በውሃው ውስጥ ተንሳፎ የማይዘቅጠው ደቃቅ አፈር ነው። ለዋና የተመቸ በመሆኑ የከተማ ሰው ይወደዋል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ሶዲየም ግን ለእርሻ አይስማማም። የአርሶ አደሩ ጥያቄ መፍቻም እዚህ ላይ ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወይን በአገራችን

ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ ተክል አይደለም። በጎንደር ዘመን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው አገር ወይን ይለማ እንደነበር በዚያ ያለፉ ተጓዦች ጽፈዋል። በየደብሩም ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎ ይዘጋጃል። ይህም በመሆኑ ወይን በማይለማበት ወረዳ እንኳ የዘቢብ ፈላጊ አይታጣም።

በፋብሪካ ደረጃ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቁሞ በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ተዛውሯል። የወይን እርሻውም በላይኛው አዋሽ በመርቲ ነው። በዝዋይ የሚገኘው ደግሞ ካስቴል በተባለው የፈረንሳይ ድርጅት የተቋቋመ ነው። ችግኞቹ ከፈረንሳይ መጥተው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ተተከሉ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡ የእርሻው ዙሪያ በሰፊ ቦይ ተከቧል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከተከላ እስከ ገበያ የወሰደውን የዓመታት ብዛት አንባቢ ልብ እንዲል እንፈልጋለን።

የውጭው ሸለቆና የእኛው ሸለቆ

በአውሮፓ ስማቸው የታወቀ የወይን አገሮች አብዛኞቹ የወንዝ ሸለቆዎች ናቸው። ለምሳሌ የሞዜል ወንዝ ከፈረንሳይ ተራሮች ተነሥቶ፣ በሉክሰምበርግ ድንበር አልፎ፣ ጀርመን ውስጥ ኮብሌንዝ በተባለች ከተማ ከራይን ወንዝ ጋር ይገናኛል። በዳርቻው ትሪየርና በርንካስቴል የመሳሰሉ ከተሞች ተቀምጠዋል። ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ወይን ይተከልበታል። አገሩ ብርዳም ስለሆነ ገበሬው የሚፈልገው ሙቀት ነው። በመሆኑም ተክሉን የሚያቆመው ወደ ደቡብ በዞረ ቀጥ ያለ ገደል ላይ ሲሆን፣ ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ለሥሩ ይመልስለታል።

በእኛ ሸለቆ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፀሐይ አይጎድልም። የሚጎድለው ቅዝቃዜ ነው፤ እርሱንም የሚሰጠን የቦታው ከፍታ ነው። በዝዋይና በላንጋኖ ዙሪያ ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሌሊቱ ስለሚበርድ ፍሬው ስኳሩን ሲያከማች ኮምጣጣነቱን ፈጽሞ አያጣም። አሸዋማው አፈርም ውሃ ስለማይቋጥር ሥሩ አይታፈንም። እስከዚህ ድረስ ሸለቆው ለወይን የተመቸ ነው።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በሞዜል ክረምቱ ሲገባ በረዶ ይወርዳል፣ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በጸደይ ዓይኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነቃሉ፣ ባንድ ጊዜ ያብባሉ፣ ፍሬውም ባንድ ጊዜ ይደርሳል። በእኛ አገር ወይኑን የሚያስተኛ ብርድ የለም። ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ ይኖራል። ዝም ከተባለ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ያፈራል፣ ሌላው ቅጠል ብቻ ያወጣል። በየግቢው ዳስ ላይ የምናየው፣ ጥላው ያማረ ፍሬው ግን ጥቂትና ሻጋታ የበዛበት ወይን እንዲህ የሆነው ስላልተገረዘ ነው። ስለሆነም በእኛ ሸለቆ የበረዶውን ሥራ የሚሠራው የገበሬው መቀስ ነው።

ገረዛና የጊዜ አያያዝ

በዚህ ረገድ ከአውሮፓ ይልቅ የሚጠቅመን የሕንድ ልምድ ነው። በምዕራብ ሕንድ ናሺክ በተባለው አካባቢ የክረምቱ ዝናብ እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የዚያ አገር አምራቾች ወይኑን በዓመት ሁለት ጊዜ ይገርዛሉ፣ ምርት የሚሰበስቡት ግን አንድ ጊዜ ነው። አሠራሩን ወደ እኛ የዘመን አቆጣጠር ስናመጣው እንደሚከተለው ይሆናል።

የመጀመሪያው ገረዛ በሚያዝያ ይደረጋል። ከያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ወይም ሁለት ዓይን ብቻ ቀርቶ ሌላው ይቆረጣል። ከዚህ በኋላ የሚያድገው ሐረግ ፍሬ አይጠበቅበትም። የእርሱ ሥራ ለሚመጣው ምርት የሚሆኑ ዓይኖችን በክረምቱ ወራት ማዘጋጀት ነው። የወይን ዘለላ ከመታየቱ ከወራት በፊት በዓይኑ ውስጥ እንደሚጸነስ አምራቹ ሊያውቅ ይገባል። በዚህ ጊዜ ቅጠሉ በጣም ከተደራረበና ፀሐይ ዓይኑን ካላገኘው በኋላ የቱንም ያህል ቢደከም ዘለላው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ገረዛ የሚደረገው መስቀል ካለፈና ዝናቡ ከቆመ በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ከበሰሉት ሐረጎች ላይ እንደ ዝርያው ከስድስት እስከ ስምንት ዓይን ይተዋል። ከገረዛው እስከ ለቀማ ከአራት እስከ አምስት ወር ስለሚፈጅ አበባው በኅዳር ይወጣል፣ ፍሬው ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ይደርሳል። ይህ ወቅት ደረቅ በመሆኑ ሻጋታው ይቀንሳል። የበልጉ ዝናብ ሳይጀምርም ምርቱ ይሰበሰባል።

እኛም ለማሳያ በተከልናቸው ጥቂት ሐረጎች ላይ ይህንኑ ቸል ብለን ያየነውን ስሕተት መግለጽ ይገባናል። በአንድ ዓመት የሚያዝያውን ገረዛ ሥራ በዝቶብን ተውነው፣ ውሃውንም ሳናቋርጥ አጠጣን። ሐረጉ በጣም አማረ። ጎብኚዎችም አደነቁልን። በየካቲት ግን የለቀምነው ዘለላ አንድ ቅርጫት አልሞላም። ለምለም ወይን ሁሉ የሚያፈራ ወይን አለመሆኑን የተማርነው ያኔ ነው።

ውሃው

አሁን ወደ ላንጋኖው አርሶ አደር ጥያቄ እንመለስ። በዝዋይ አካባቢ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 700 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ፀሐይና ነፋስ ከሐይቁ ላይ የሚያተኑት ውሃ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በበጋ ወይን ያለ መስኖ አያፈራም። ጥያቄው በየትኛው ውሃ የሚለው ነው።

የመስኖ ውሃ ጨዋማነት የሚለካው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ችሎታው ነው። ወይን ምርቱ ሳይቀንስ የሚችለው የመስኖ ውሃ እስከ 1 ዴሲ ሲመንስ በሜትር የሚደርሰውን ነው። የዝዋይ ውሃ ከዚህ መጠን በታች ነው። የላንጋኖ ውሃ ግን ከዚህ መጠን ያልፋል። ከዚህም ሌላ በውስጡ ያለው ሶዲየም አፈሩን እያጣበቀ ውሃ እንዳያስገባ ያደርገዋል። ጉዳቱ በመጀመሪያው ዓመት አይታይም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የቅጠሉ ጠርዝ ይነዳል፣ አፈሩ ሲደርቅ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ሲርስ ደግሞ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ሽንኩርት ከወይንም ይልቅ ለጨው የሚሸነፍ ተክል ነው። ስለሆነም «እርሱ ሐይቅ አለው፣ እኔም ሐይቅ አለኝ» የሚለው ንጽጽር አያስኬድም።

በሌላ በኩል የዝዋይ ውሃ ጨው የለበትም ማለት አያልቅም ማለት አይደለም። በመቂ፣ በካታር፣ በዝዋይና በቡልቡላ ዳር ያሉት ትናንሽ ፓምፖች፣ የአበባ እርሻዎችና የከተማው የመጠጥ ውሃ ሁሉ የሚቀዱት ከአንድ ማድጋ ነው። የዚህ ውጤት በግልጽ የታየው በአብያታ ላይ ነው። አብያታ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል። ለዚህ ምክንያቱ የዝናብ መለዋወጥ፣ ከላይ ለመስኖ የሚወሰደው ውሃና ለሶዳ አሽ ማምረቻ ከራሱ ከሐይቁ የሚቀዳው ውሃ በአንድነት ናቸው። ውሃው ሲጨምት ዓሣው አለቀ፣ ዓሣውን ይመገቡ የነበሩት ይብራዎችም ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄዱ። አዲስ ተክል ወደዚህ ሸለቆ ስናስገባ የምንጠይቀው ስንት ያተርፋል የሚለውን ብቻ ሳይሆን ለያንዳንዱ ማድጋ ውሃ ስንት ያተርፋል የሚለውን ጭምር መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ወይን የሚመሰገንበት ነገር አለው። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ውሃ ይቆጥባል። ከገረዛ በኋላ እስከ ፍሬ መያዣው ድረስ ሳይቋረጥ ውሃ ይፈልጋል። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ግን ውሃው ቢቀነስለት ይሻለዋል። ብዙ ከጠጣ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል። በጠብታ መስኖ የሚጠጣ ወይን በቦይ ከሚለማ ሽንኩርት ያነሰ ውሃ ይበቃዋል።

ለአምራቹ የምንሰጠው ምክር

1. በመጀመሪያ ውሃ ይመርመር። ሁለት ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጠርሙስ በውሃው ሦስት ጊዜ አለቅልቆ መሙላትና በአቅራቢያ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ማድረስ ይበቃል። የጉድጓድ ውሃም ቢሆን ሳይመረመር አይታመን። በዚህ ሸለቆ ሁለት ተቀራራቢ ጉድጓዶች የተለያየ ውሃ ሊኖራቸው ይችላል።

2. ገዢው ከተከላው በፊት ይታወቅ። ለጠጅ የሚሆነው ዝርያ ፍሬው ጥቃቅን፣ ፍሬ ዘሩም ብዙ ስለሆነ በገበያ አይወደድም። ስለዚህ ከፋብሪካ ጋር በጽሑፍ ያልተዋዋለ አምራች ለጠጅ የሚሆን ዝርያ መትከል የለበትም። ለአነስተኛ አምራች የሚሻለው ለማዕድ የሚሆን ወይን ነው፤ ያልተሸጠውም ዘቢብ ይሆናል። ከአራት ኪሎ እሸት ወይን አንድ ኪሎ ያህል ዘቢብ ይገኛል።

3. በጥቂት ይጀመር። ወይን የረባ ምርት የሚሰጠው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። በዚህ መካከል ቤተሰቡን የሚመግበው ሽንኩርቱና በቆሎው ስለሆነ እነርሱ አይነቀሉ። ሃያ ወይም ሠላሳ ሐረግ ለመማሪያ ይበቃል።

4. ችግኝ ከታወቀ ቦታ ይምጣ። እርሳስ ያህል ውፍረት፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው የበሰለ ቁራጭ በመደብ ላይ ሥር ካወጣ በኋላ ይዛወራል። ከውጭ አገር በሻንጣ ቁራጭ ማምጣት ፈጽሞ አይገባም። በ19ኛው መቶ ዓመት ፊሎክሴራ የተባለች ትንሽ ነፍሳት ከአሜሪካ በችግኝ ተጉዛ የፈረንሳይን ወይን አጥፍታለች። ወይኑ የዳነው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እየተዳቀለ ነው።

5. ድጋፍ ይሠራለት። በመስመሮች መካከል ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር፣ በተክሎች መካከል አንድ ሜትር ተኩል ይተዋል። ለቋሚው ባሕር ዛፍ እንጂ ግራር አይቆረጥ። የሸለቆው ግራር በከሰል ምክንያት ማለቁ ይበቃል።

6. ሻጋታ በጊዜው ይታይ። በቅጠሉና በፍሬው ላይ ዱቄት የተነፋ መስሎ ለሚታየው ሻጋታ የድኝ ዱቄት ይጠቅማል። ለሌላው፣ በቅጠሉ ሥር ለሚወጣው ነጭ ሻጋታ ደግሞ የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ይረጫል። መጠኑን የልማት ባለሙያ ይወስን። ነፋስ የሚያሳልፍ ገረዛ ግን ከመድኃኒት ሁሉ ይቀድማል።

7. ከለቀማ በኋላ ተክሉ ይረፍ። እስከ ሚያዝያው ገረዛ ድረስ ውሃው ይቀነስ፣ የከብት ፍግ ይጨመርለት።

ማጠቃለያ

ከላንጋኖው አርሶ አደር ጋር ሐይቁ ዳር ወርደን ውሃውን በጠርሙስ ቀዳን። ከሽንኩርታቸው ማሳ ላይም የወንዙን ውሃ በሌላ ጠርሙስ ያዝን። ውጤቱ ሲመጣ የሐይቁ ውሃ ለመስኖ እንደማይሆን፣ የወንዙ ግን ጥሩ መሆኑን ነገርናቸው። ለጊዜው ዝም አሉ። ለሁለቱ በሬዎች ማዘናቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ተጠቃሚዎች ጋር ተነጋግረው ፓምፑን በወንዙ ላይ ለተራቸው ቀን ሊጠቀሙበትና ለጎረቤትም ሊያከራዩት ወሰኑ። በማሳው ራስ ላይ ደግሞ ሃያ አምስት የማዕድ ወይን ሐረግ ለመትከል ጉድጓድ ቆፍረዋል።

ሐይቁ ዳር የተዘጋጀው ቦታ ለግጦሽ ቀርቷል። ፓምፑ እዚያ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ማሳው በሦስት ዓመት ጨው ሆኖ ይቀር ነበር። ወይን በዚህ ሸለቆ ይበቅላል፣ ያፈራልም። ነገር ግን የሚያፈራው ጨው ለሌለበት ውሃ፣ ጊዜውን ለጠበቀ መቀስና ቀድሞ ለታወቀ ገበያ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት አምራች ባለበት ተክል ቢጸና ይሻለዋል። ሦስቱም የተሟሉለት ግን መስቀል ሲያልፍ መቀሱን ስሎ ይጠብቅ። ተጨማሪ ምክር የሚፈልግ አምራች በቀበሌው ያለውን የልማት ባለሙያ ቢያነጋግር አስፈላጊው እርዳታ ይደረግለታል።